አባቴ የኩላሊት እጥበት ሊጀምር ነው፣ ግራ ገብቶኛል

ሰላም ናችሁ? የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ እስካሁን በኪኒን ሲታገል ቆይቶ አሁን ሐኪሙ ዲያሊሲስ ይጀምር ብሏል፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ገደማ። ለዚሁ ግራ እጁ ላይ ፊስቱላ፣ ማለትም የእጥበቱ መርፌ እንዲገባበት ሁለት የደም ሥሮችን የማገናኘት ቀዶ ሕክምና፣ ተሠርቶለታል፣ እስኪደርስ ሳምንታት ስለሚፈጅ እየጠበቅን ነው። በዚያ እጅ ደም ግፊት አይለካም፣ ከባድ ዕቃም አይነሳም ተብለናል፤ እሱ ግን ጀሪካን ካልተሸከምኩ ይላል!

ያስጨነቀኝ መንገዱና ምግቡ ነው። እጥበቱ መሀል ከተማ ነው፣ ሲጨርስ ይደክመዋል ይላሉ፣ ታዲያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ላቆመው ነው? ኮንትራት ደግሞ ደርሶ መልስ በሳምንት ሦስቴ ለብቻዬ አልችለውም። በዚህ መስመር የምትመላለሱ ካላችሁ ወጪውን ብንካፈልስ?

የታመመ ኩላሊት በደንብ የማያስወጣው ፖታሺየም የሚባል ማዕድን ስላላቸው ሙዝና ድንች ይቀንስ፣ ጨውም ውሃም በልክ ይሁን ተብሏል። በረካ ሳይጠጣ ከቡና የማይነሳን ሰው እንዴት ነው የምቀንስበት? ድንቹን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይረዳል አሉ፣ የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ። የመጀመሪያው ቀንስ ምን ልያዝ? ማሽኑ ላይ ይበርዳል ስላሉኝ ጋቢውን አዘጋጅቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አላውቅም።