የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ በ2025 ያሸነፈው 66 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የተሰናበቱት ሰዎች ነው ወይስ የባለቤቶቹ?

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ

ጤና ይስጥልኝ፣ ቤዝቦል የምትከታተሉ ወገኖቼ። እኔ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳሁ ረጅም ዘመን ኖሬ ከተመለስኩ በኋላ ኑሮዬን ለገጣፎ ያደረግሁ ሰው ነኝ። ዕቃዬን ጠቅልዬ ስመጣ ብዙ ነገር እዚያው ትቻለሁ፤ የናሽናልስ ደጋፊነቴን ግን መተው አልቻልኩም። እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለሚሆን፣ ባለቤቴን ላለመቀስቀስ ሳሎን ተቀምጬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ የስልኬን ድምፅ ቀንሼ፣ ከአጥር ውጭ ጅብ ሲጮህ እየሰማሁ እከታተላለሁ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ በሞባይል ዳታ ውጤቱን በቁጥር ብቻ እያየሁ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች ጥቂት አይደሉም። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

እንዲህ ሆኜ የተከታተልኩት የ2025 የውድድር ዘመን በ66 ድልና በ96 ሽንፈት ተጠናቀቀ። ቡድኑ በ2019 ሂውስተን ላይ ዋንጫውን ካነሣ ወዲህ ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት አንድም ዓመት የለም። ጁላይ 6 ቀን ባለቤቶቹ፣ ማለትም የለርነር ቤተሰብ፣ ከ2009 ጀምሮ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረውን ማይክ ሪዞን እና ከ2018 ጀምሮ ቡድኑን የመራውን አሰልጣኝ ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበቱ። ድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ቀን) ሊካሄድ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር፤ የመጀመሪያው ምርጫም የእኛ ነበር። ከአገሪቱ ወጣቶች ሁሉ ቀድመው የፈለጉትን ሊመርጡ ሲሉ ለዓመታት ሲመርጥ የኖረውን ሰው ማስወጣት፣ ዝናብ ሊጥል ሲል በሬን ገበያ አውጥቶ እንደ መሸጥ ሆኖ ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ ምን ለውጥ እንደ መጣ በወረቀት አስቀምጬ አሰላሁት። ሁለቱ እስከተሰናበቱበት ቀን ድረስ 37 አሸንፎ 53 ተሸንፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 29 አሸንፎ 43 ተሸነፈ። ከ100 ጨዋታ 41 የሚያሸንፍ የነበረው ቡድን 40 ወደ ማሸነፍ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ በአሰልጣኝ የሚድን አልነበረም የሚል እምነት አለኝ።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ ይበልጡን የባለቤቶቹ ነው። እነዚሁ ሰዎች በ2015 ለማክስ ሸርዘር የ7 ዓመት የ210 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲሰጡ እጃቸው አልታጠፈም ነበር፤ ሸርዘርም የሊጉን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት በ2016 እና በ2017 ወስዶ ገንዘቡን ከነወለዱ ከፈላቸው። ከ2019 ዋንጫ በኋላ ግን ወርዋሪውን ስቲቨን ስትራስበርግን አስፈርመው ኪሳቸውን ዘጉ። ከኮከቦቻችን ሃርፐር ቀድሞውኑ ወደ ፊላደልፊያ ሄዷል፤ ሬንዶን ወደ ኤንጅልስ ሄደ፤ በ2021 ሸርዘርንና ትሬይ ተርነርን ለዶጀርስ አሳልፈው ሰጡ፤ በ2022 ደግሞ ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ። ለልጄ የገዛሁለት የሶቶ 22 ቁጥር ማልያ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ አለ፤ ለአንድ የውድድር ዘመን እንኳ በወጉ አልለበሰውም። ስንብቱ ተገቢ ነበር ትላላችሁ? አዲሶቹንስ ተስፋ እናድርግባቸው?

መልስ 1፦ ከሰበታ

ጋሼ፣ ጅቡን ሳነብ የራሴን ሌሊቶች አስታወሱኝ። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነርስ ሆኜ ስሠራ የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ጨዋታውን በሬዲዮ ነበር የለመድኩት፤ አሁንም ከምስሉ ይልቅ ድምፁን እመርጣለሁ።

በሶቶ ጉዳይ ግን ከእርስዎ ጋር አልስማማም። ሶቶ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል ቀርቦለት እንቢ ያለ ሰው ነበር፤ በዲሴምበር 2024 ከሜትስ የ765 ሚሊዮን ውል ሲፈርም እንቢታው ከስሌት የመጣ መሆኑ ታየ። የማይፈርም ከሆነ ደግሞ ውሉ አልቆ በነጻ ከሚሄድ፣ ዋጋ እያለው መለወጡ ትክክል ነበር። በልዋጩ ከሳን ዲዬጎ የመጡት እነ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር እና ጄምስ ዉድ ናቸው። ዉድ በ2025 31 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አሳልፎ የሚያስቆጥር ምት) መትቷል፤ ከጎር ጋርም ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል። በጁን መጨረሻ ኤንጅልሶች በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ እንዲመታ ሳይፈቅዱለት ሆን ብለው ወደ መጀመሪያው ቤዝ በነጻ አሳለፉት። ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ እንዲህ የተፈራ መቺ አልነበረም። ያን ሌሊት ለአራተኛ ጊዜ ዱላውን አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ሲራመድ የሬዲዮ ተናጋሪው ድምፅ እንዴት እንደተለወጠ አልረሳውም። ይህን ልጅ ያመጣልን የሶቶ ሽያጭ ነው።

የሪዞ ክፍል የወደቀው በሌላ ቦታ፣ በድራፍቱና ልጆችን በማሳደጉ ሥራ ነው። በ2011 አንቶኒ ሬንዶንን ከመረጠ በኋላ በድራፍት እርሱን የሚያህል መቺ አላወጣልንም። ተርነር በልውውጥ የመጣ ነው፤ ሶቶም የመጣው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በቀጥታ ፈርሞ እንጂ በድራፍት አይደለም። በ2022 በአምስተኛ ምርጫ የወሰዱት ኢላይጃ ግሪን በታችኛው ሊግ ኳሷን መንካት አቅቶት ዓመታት አለፉ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ልጅ ሲደርስ ዕድል ነው ይባላል፤ በተከታታይ ሲደርስ ግን አስተማሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስንብቱ ተገቢ ነበር፤ ከዘገየ በስተቀር።

መልስ 2፦ ከቡራዩ

እኔ አሜሪካን ረግጬ አላውቅም፤ ቤዝቦልን ያስተማረኝ ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ እየደወለ ነው። ስለዚህ ከሁለታችሁ ያነሰ እንደማውቅ አምኜ፣ በገንዘቡ ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር።

ባለቤቶቹ ኪሳቸውን የዘጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ስትራስበርግ የ7 ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ከፈረመ በኋላ በጉዳት ምክንያት በ8 ጨዋታዎች ብቻ ተሰልፎ 31 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ከሲሶ ወርውሮ ነው ያቆመው። በዚያው ሰሞን ሬንዶን ከኤንጅልስ የፈረመው ውልም በዘመንም በገንዘብም ከዚህ ጋር እኩል ነበር፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በጉዳት አሳለፈው። ያኔ ሬንዶንን ጨምረው ቢያስቀሩት ኖሮ 490 ሚሊዮን ዶላር በሁለት የተጎዱ ሰዎች ላይ ታስሮ ይቀር ነበር። እጁን እሳት ያቃጠለው ሰው ምድጃ ሲፈራ አልፈርድበትም። የምፈርድበት ግን ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት ምድጃው አጠገብ አለመድረሱን ነው፤ እነ ዉድ እየመቱ በመጨረሻዎቹ ኢኒንጎች መሪነቱን የሚያስጠብቁ ወርዋሪዎች አለመግዛታቸው በ2025 ስንት ጨዋታ እንዳስጣለን ሁላችንም አይተናል። በስምንተኛው ኢኒንግ እየመራን አስፋልት ላይ ለሥራ የወጣሁባቸው ማለዳዎች ነበሩ፤ ታክሲ ተራ ስደርስ ስልኬን ስከፍት ተሸንፈናል።

የስንብቱም ነገር ግራ የሚያጋባ ነው። በ2023 የሁለቱንም ውል ያራዘሙት እነዚሁ ባለቤቶች ናቸው። በ2022 ቡድኑ 107 ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ያመኗቸውን ሰዎች፣ በ2023 እና በ2024 እያንዳንዱን ዓመት 71 ካሸነፉ በኋላ በውድድሩ መሐል ማሰናበት ምን ዓይነት ዕቅድ ነው?

መልስ 3፦ ከሱሉልታ

በአዲሶቹ ላይ አጭር አስተያየት አለኝ። የቤዝቦል ሥራውን እንዲመራ ከቦስተን ያመጡት ፖል ቶቦኒ ሲሾም 35 ዓመቱ ነበር፤ እዚያ በድራፍትና በምልመላ ሥራ ያደገ ሰው ነው። አሰልጣኝ ሆኖ የተሾመው ብሌክ ቡቴራ ደግሞ ያኔ ገና 33 ዓመቱ ሲሆን፣ ከ1972 ወዲህ በሊጉ ከተሾሙት ሁሉ በዕድሜ ያነሰ ነው። ልምዱን ያገኘው በታምፓ ቤይ የታችኛው ሊግ ቡድኖችን በማሰልጠን፣ በኋላም ልጆችን የማሳደጉን ክፍል በመምራት ነው። ሁለቱም የተመረጡት የሰበታዋ እህታችን ወድቋል ላሉት ሥራ መሆኑን ልብ በሉ። ድራፍቱም ጋሼ እንደፈሩት አልሆነም፤ በጊዜያዊነት የተተካው ሰው የ17 ዓመቱን ኢላይ ዊሊትስን መርጦ በ8.2 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፤ ከተመደበው ያነሰ ስለነበር የተረፈው ገንዘብ ከእርሱ በኋላ ለተመረጡት ዋለ። የ17 ዓመት ልጅ ግን በትልቁ ሜዳ የምናየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን በ2026 ውጤት ብቻ እንዳንመዝናቸው።

ምላሽ፦ ከለገጣፎ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ፣ በድራፍቱ ጉዳይ አሳምነሽኛል፤ ሪዞ ዋንጫ ያመጣልን ሰው ስለሆነ ሚዛኔ ወደ እርሱ ማጋደሉን አሁን አየሁት። ኦክቶበር 30 ቀን 2019 ሌሊት ታክሲዬን መንገድ ዳር አቁሜ፣ የሃዊ ኬንድሪክ ምት የቀኙን ምሰሶ መታ፣ ሆም ረን ሆነ ሲባል ከመሪው ጋር የተቃቀፍኩት ሰውዬ ነኝና ይቅር በሉኝ። እስከ ሜይ ወር ድረስ በጠቅላላ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ የነበረ ቡድን ለዋንጫ ሲበቃ በዓይኑ ያየ ሰው፣ የሠራውን ሰው ለመውቀስ ይከብደዋል።

የቡራዩ ልጄ፣ ያልከው የምድጃ ነገር ትክክል ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም እርሱው ነው። ዉድ እስከ 2030 በእጃቸው ነው፤ ያ ጊዜ ረጅም ይመስላል፤ የሶቶም ረጅም ይመስል ነበር። ቶቦኒ የፈለገውን ያህል ጎበዝ መልማይ ቢሆን፣ ያሳደገውን ልጅ የሚያስቀር ውል የሚፈርመው እርሱ ሳይሆን የቤተሰቡ እጅ ነው። ወንድሜ ለገና ከዋሽንግተን ሲመጣ ለልጄ ምን ላምጣ ብሎ ጠይቆኛል፤ ልጄ የዉድን 29 ቁጥር ማልያ ነው የፈለገው። ውሉ እስኪፈረም ጠብቅ አልኩት።