ለ5፣ ለ9 እና ለ15 ዓመት ልጆች የሚሆን የአማርኛ ልብ ወለድ ጥቆማ

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት

የምንኖረው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ልጆቼ 5፣ 9 እና 15 ዓመታቸው ነው። የሚማሩት በእንግሊዝኛ በመሆኑ አማርኛን አቀላጥፈው ቢናገሩም ማንበብ ይከብዳቸዋል። በተለይ የ9 ዓመቱ በእንግሊዝኛ ወፍራም መጽሐፍ እየጨረሰ በአማርኛ አንድ ገጽ ይታክተዋል፤ ለጀማሪ የተዘጋጀ ሳቀርብለት ደግሞ «የሕፃን ነው» ብሎ ይመልስልኛል። ታላቋ ፍቅር እስከ መቃብርን ጀምራ ብዙም ሳትገፋ ተወችው። ለእያንዳንዳቸው ምን ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህርት

እኅቴ፣ ከሦስቱ ይበልጥ ማሰብ የሚያስፈልገው ለመካከለኛው ነው። ፊደሉን ሁሉ ቢለይም፣ ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማያሳይ፣ ግሱም ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ ልጁ ቃሉን አስተካክሎ ለማንበብ የታሪኩን አካሄድ አስቀድሞ መገመት ይኖርበታል። ስለዚህ በቃል የሚያውቀውን ተረት በጽሑፍ ቢያገኘው ይቀለዋል። የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌም ጥሩ ነው፤ አጫጭር ግጥሞቹ ቤት ስለሚመቱ የት እንደሚያርፍ ይመሩታል፣ ስለ ጉልበትና ስለ ብልጠት የሚናገሩ በመሆናቸውም የሕፃን ናቸው ብሎ አይንቃቸውም። ለጀማሪ የተዘጋጁትን መጻሕፍት ደግሞ ለታናሹ እንዲያነብለት ኃላፊነት ይስጡት። ያን ጊዜ መጽሐፉ የታናሹ፣ አንባቢነቱ ግን የእሱ ይሆናል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

ለ5 ዓመቱ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለውን ድረ ገጽ ይመልከቱ። በደረጃ የተከፋፈሉ ባለሥዕል ታሪኮች በአማርኛም ጭምር በነፃ ይገኙበታል፤ ማተምም ይቻላል። አንዳንዱ ትርጉም ስለሚጎረብጥ አስቀድመው ያንብቡት።

መልስ፦ የመጻሕፍት ነጋዴ

ለወጣት ልጃቸው ብዙ ወላጆች ጦቢያ የተባለውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ የሚመርጡት ቀጭን ስለሆነ ነው። መንትያዋ ጦቢያ ወንድ መስላ የምትጓዝበት ታሪክ መሳጭ ቢሆንም፣ መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ በመሆኑ ቋንቋው ለጀማሪ ይከብዳል፤ የገጽ ማነስ የንባብ ቅለት ማለት አይደለም። እኔ ለ15 ዓመቷ የዓለማየሁ ዋሴን እመጓ አስቀድማለሁ። የዘመናችን ሰው ምስጢር ፍለጋ ወደ መንዝ ሲጓዝ የሚያሳይ ስለሆነ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ያጓጓል። ገዳማዊና መንፈሳዊ ይዘት ስላለው ግን እርስዎ ቀድመው ቢያዩት መልካም ነው። ፍቅር እስከ መቃብር ሁለት ዓመት ቢቆይ ምንም አይጎዳም።

መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

በመጨረሻው ሐሳብ አልስማማም። ወጣቶች ፍቅር እስከ መቃብርን የት ላይ እንደሚተዉት አስተውያለሁ፤ መጽሐፉ የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ሰብለ ወንጌል ጋ ሳይደርሱ ይሰለቻሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ስላለ፣ ልጅዎ ያንን የመግቢያ ክፍል በጆሮዋ ትስማው፤ በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለማስተማር ከገባ በኋላ ያለውን ራሷ ታንብበው። ጉዱ ካሣ የሹማምንቱን ሥርዓት የሚተችባቸው ንግግሮች ለ15 ዓመት ወጣት በጣም የሚስማሙ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜ ለምን የማይል ማን አለ?

የሦስት ልጆች እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ታላቋ ሁለቱንም አይታ ራሷ እንድትመርጥ አደርጋለሁ። መምህርት፣ ልጁ ለታናሹ ሲያነብ ቢሳሳት ላርመው ወይስ ልተወው?

የአንደኛ ደረጃ መምህርት

ትርጉሙን የሚያዛባውን ብቻ፣ ያውም ዐረፍተ ነገሩን ከጨረሰ በኋላ ያርሙት። የጠበቀውን ቢያላላ ታናሹ ራሱ «እንደዚያ አይባልም» ማለቱ ስለማይቀር ለእሱ ይተዉለት።