የልጆቹ መጽሐፍ ዕቅድ፦ ሥዕሉ ላይ ሐሳብ ስጡ

ፀሐፊ፦ ማክሰኞ ዕቅዱ ይገባል። ሠዓሊዋ 12ቱን ገጽ በቀለም ልካለች። ልጁ ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ ጦሳ ተራራ ላይ አያቱ ቤት ይወጣል፣ መንገድ ላይ ዝናብ ይይዘዋል። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። የአምናውን ጭቅጭቅ አትመልሱት።

ገንዘብ ያዥ፦ 32 ገጽ ባለቀለም አንችልም። 24 ይሁን። መሀሉ በሽቦ ስለሚመታ በ4 መካፈል አለበት፣ 22 ምናምን እንዳትሉኝ።

የሆጤው፦ ሽፋኑ ላይ ልጁ ለምን ባዶ እግሩን ሆነ?

የአራዳዋ እናት፦ እኔም ዓይኔ እሱ ላይ ነው ያረፈው። የደሴ ልጅ ጫማ የለውም ልንል ነው?

ሠዓሊዋ፦ ገጽ 5 ላይ ያወልቀዋል እኮ! በእጁ አንጠልጥሎታል፣ አጉልታችሁ እዩት። ገጽ 7 ላይ ጭቃው በጣቶቹ መሀል ብቅ ብሏል፣ ትንሿ ጣቱ ወደ ላይ ቀና ብላለች። ጽሑፉ «ዘነበ» ብቻ ነው የሚለው። ብርዱንም ደስታውንም የሚናገረው እግሩ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የሚያነበው ሥዕሉን ነው።

የሆጤው፦ ለጋሽ አጉልቶ አያይም። ከ1966ቱ ረሃብ ጀምሮ ወሎ ሲባል ለሰው የሚታየው ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ነው። በገዛ ገንዘባችን ልንደግመው ነው?

የኮምቦልቻው መምህር፦ ይሄኛው አልተራበም፣ እየተጫወተ ነው። እኔ ጋ ያሉት ሕፃናት ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያወልቁት ጫማቸውን ነው።

የአራዳዋ እናት፦ የእናንተ ሙቀት ሌላ ነው ወንድሜ። እዚህ በክረምት ባዶ እግሩን የወጣ ልጅ ታሞ ነው የሚገባው።

የኮምቦልቻው መምህር፦ ከሐረጎ በታች ያለነው እንግዳ ሆንን ማለት ነው? መጽሐፉ ውስጥ ኮምቦልቻ አንድ ገጽ የላትም፣ መዋጮው ግን እኩል ነው።

ፀሐፊ፦ ተረጋጉ እባካችሁ። ቦት ቢለብስስ?

ሠዓሊዋ፦ ልጁ 11 ገጽ ላይ አለ። በውሃ ቀለም የተሠራ ነው፣ ተፍቆ አይታረምም። ሁሉንም እንደ አዲስ መሳል ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ክፍያ አለው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሌላ ክፍያ የለም።

የሆጤው፦ እህቴ፣ ሥራሽን አልናቅሁም። ገጽ 7 በጣም ያምራል። ሽፋኑን ብቻ ቀይሪልን።

ሠዓሊዋ፦ ሽፋኑን እሺ። የአያትየው ፊት ማጠፊያው ላይ እንዳይወድቅ ወደ ቀኝ አስጠግቼዋለሁ፣ ሲቆረጥ ነጭ እንዳይቀር ዳሩን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትቻለሁ፣ እነዚህን ማንም እንዳይነካብኝ። ስካኑስ? የስልክ ፎቶ አይሆንም፣ ቢያንስ 300 ዲፒአይ ጥራት ያስፈልጋል።

ፀሐፊ፦ ስካኑን «እኔ አደርጋለሁ» ያለው የሰኞ ገበያው ልጅ ስልክ አያነሳም። ሌላ የሚችል አለ?

የኮምቦልቻው መምህር፦ የኮምቦልቻን ገጽ ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም።

የሆጤው፦ ኮምቦልቻ ከገባች የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽም ይግባ። ሐይቅም ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ጥሩ ነው። አካባቢ የሚያስተዋውቅ ከሆነ ስፖንሰር ይገኝለታል። 16 ገጽ አድርጉት።

ፀሐፊ፦ እንግዲህ እንዲህ ብዬ ልጻፈው፦ 16 ገጽ፣ ጦሳ፣ አይጠየፍ፣ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ። ሽፋኑ የጦሳ ተራራ፣ ልጁ ሽፋን ላይ አይኖርም።

ሠዓሊዋ፦ ታሪኩ የት ሄደ? የ4 ዓመት ልጅ አዳራሽ ምን ይሠራለታል? ገጽ 7 ከወጣ እኔ የለሁበትም።

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ 7 ይቆይ፣ ጦሳ ሥር እናስገባዋለን።

የአራዳዋ እናት፦ በባዶ እግሩ?

ፀሐፊ፦ እስከ ሰኞ ማታ ሐሳብ ስጡ። ስካን የሚያደርግ ሰው አሁንም እፈልጋለሁ።