የምግብ ሳይንስ ማስተርስ ወይስ የአይ ኤስ ኦ 22000 (የምግብ ደህንነት አያያዝ ደረጃ) ስልጠና?

ሰላም ለሁላችሁ። በኬሚስትሪ ዲግሪ የዱቄት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እርጥበት፣ ግሉተን፣ አመድ፣ ፎሊንግ ነምበር (ስንዴው በመብቀል መጎዳቱን የሚያሳይ ቁጥር፤ ሲያንስ ጉዳቱ የበዛ ነው) እለካለሁ። እርጥበት ለመለካት ማስተርስ አያስፈልግም፦ 130 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ነው፤ ክዳኑ ሳይገጠም ከቀዘቀዘ ናሙናው የአየሩን እርጥበት መልሶ ይስብና ውጤቱ ዝቅ ይላል።

የሚያስቸግረኝ የስንዴ ድብልቅ ነው። ፎሊንግ ነምበሩ 150 የሆነውን (በማሳው ላይ ቡቃያ አውጥቶ የተበላሸውን) ከ350ው ጋር እኩል ብንደባልቅ 250 አናገኝም፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር 50 ቀንሰን፣ 6000ን በቀሪው አካፍለን፣ የሁለቱን አማካይ ወስደን ወደ ፎሊንግ ነምበር ስንመልሰው የሚወጣው 200 ነው። እንዲህ ያለውን የሚወስነው ግን የምርት ክፍሉ እንጂ ላብራቶሪው አይደለም።

የቅዳሜና እሁዱ ማስተርስ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በክሬዲት ከሚከፈለው ሌላ ብዙ ሰው የሚረሳው የቴሲስ ወጪ አለ፤ ሪኤጀንቱ፣ ውጭ ላብራቶሪ የሚላከው የአፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ናሙና። ስልጠናው ግን የጥቂት ቀናት ነው።

የጥራት ቁጥጥር ማስታወቂያዎች «ኬሚስትሪ ወይም ተዛማጅ» ስለሚሉ ለዚያ ማስተርስ የሚጨምረው አልታይ አለኝ። የምትቀጥሩ ሰዎች፣ ለምርት ሥራ አስኪያጅነት ወይም ለአዲስ ምርት ቀረጻ ስትመርጡ ማስተርሱን ታያላችሁ ወይስ የምርት መስመር ላይ የሥራ ልምዱን? ቴሲሱን በራሱ ፋብሪካ ስንዴ ላይ ሠርቶ ወጪውን ያስሸፈነስ አለ?