በኡቡንቱ 22.04 ስክሪኑ ከ1024 በ768 አልወጣ አለኝ፤ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው?

ጽሕፈት በቱሉ ዲምቱ፦

ጤና ይስጥልኝ። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ያገለገለ ሲሆን ኤንቪዲያ ጂፎርስ ጂቲ 730 የተባለ የግራፊክስ ካርድ ገብቶበታል። ሞኒተሩ ባለ 22 ኢንች ነው፤ ከጀርባው በተለጠፈበት ወረቀት መሠረት 1920 በ1080 ማሳየት ይችላል፤ ከሲፒዩው ጋር የተገናኘው ደግሞ በቪጂኤ ኬብል ነው። ቫይረስ ስላሰለቸኝ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም ካስጫንኩ ሦስት ወር ሆኖኛል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስክሪን ማስተካከያው ውስጥ ከ1024 በ768 በላይ ምርጫ አይታይም። ምስሉ ወደ ጎን ስለሚለጠጥ የደንበኛ ደብዳቤ ስካን ሳደርግ ክቡ ማኅተም እንቁላል መስሎ ይታያል። ሲታተም ክብ ነው፤ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን የሚያይ ደንበኛ ግን «ማኅተሙን አበላሸሽብኝ እኮ» እያለ ወረቀቱ እስኪወጣ ድረስ አያምነኝም።

ባለፈው ሳምንት በኢንተርኔት ያገኘሁትን መመሪያ ተከትዬ የኤንቪዲያን 470 ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ መጫን ጀመርኩ። ማውረዱ አልቆ ተከላው በመካሄድ ላይ ሳለ መብራት ሄደ፤ የዩፒኤሱ ባትሪም ደክሞ ስለነበር ሁሉም አንድ ላይ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ከጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም ከሚል ጭረት በቀር ምንም አልነበረም። አንድ የሰፈር ልጅ መጥቶ ኮምፒውተሩ ሲበራ ሲስተሙን በሚያስነሣው በግሩብ ውስጥ አንድ ቃል ጨምሮ አስነሣልኝ፤ እኔም እዚያው 1024 በ768 ላይ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩ ገና ገጽ ወደ ታች ሳወርድ ይንተፋተፋል፤ የሲፒዩው ማራገቢያም ያለማቋረጥ ይጮኻል። ስለ ኮምፒውተሩ በሚናገረው ገጽ ላይ ግራፊክስ በሚለው ቦታ ኤልኤልቪኤምፓይፕ ተብሎ ተጽፏል። የስክሪን መጠኖችን የሚያሳየውን ኤክስራንድአር የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥም ዲፎልት ለተባለው መውጫ የጋማ መጠን ማግኘት እንዳልቻለ ይነግረኛል። ፎርማት ላድርገው ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ? የዳታ ፓኬጄ ውስን መሆኑንም ከግምት እንድታስገቡልኝ እጠይቃለሁ።

የሌሊት ተረኛ፦

ፎርማት ማድረግ አያስፈልግዎትም። ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት (በተርሚናል) ሲቪቲ 1920 1080 60 ብለው ይጻፉ፤ 173.00 የሚል ቁጥር ያለበት አንድ መስመር ይሰጥዎታል። ያንን መስመር በኤክስራንድአር የኒውሞድ አማራጭ ያስገቡት፣ በአድሞድ ከመውጫው ጋር ያገናኙት፣ ከዚያም ይምረጡት። እኛ ቢሮ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች ያስተካከልኳቸው በዚሁ መንገድ ነው።

ከርነል አንባቢ፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጊዜው ገና ነው። ካርዱን የሚያውቅ ድራይቨር ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ መውጫው ቪጂኤ 1 ወይም ኤችዲኤምአይ 1 በሚል በራሱ ስም ይጠራ ነበር። ዲፎልት ተብሎ መጠራቱና የጋማው ስሕተት መምጣቱ ስክሪኑ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በተሰጠው ቋሚ የምስል ቦታ ላይ ብቻ እንደሚሠራ ያሳያል፤ በእንዲህ ዓይነቱ መውጫ ላይ አዲስ መጠን ቢጨምሩበት አይቀበልም። ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚለው ስምም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሥዕሉን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ ነው ማራገቢያው የሚጮኸው።

የሰፈሩ ልጅ የጨመረው ቃል ኖሞድሴት እንደሚሆን እገምታለሁ። ይህ ቃል የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ የግራፊክስ ካርዱን እንዳይቆጣጠር የሚከለክል ሲሆን ከጥቁር ስክሪን ለመውጣት ለአንድ ጊዜ የሚጠቅም ነው፤ ልጁም በዚያ ሰዓት ትክክለኛውን ሥራ ሠርቷል። ችግር የሚሆነው በዚያው ተረስቶ ሲቀር ነው፣ ብዙ ጊዜም ይረሳል።

እንግዲህ በመጀመሪያ መብራት ያቋረጠውን ተከላ ይዝጉ። ከስልክ ስለምጽፍ ትእዛዞቹን በአነባበባቸው አስቀምጣቸዋለሁ። ሱዶ ዲፒኬጂ ካሉ በኋላ ኮንፊገር የሚለውን ከነ ኤ አማራጩ ይስጡ፤ በግማሽ የቀሩትን ጥቅሎች ይጨርሳቸዋል ወይም የቱ ላይ እንደተሰናከለ ይነግርዎታል። ቀጥለው ስማቸው በኤንቪዲያ የሚጀምሩትን ጥቅሎች በአፕት ፐርጅ ያስወግዱ። ሪሙቭ ሳይሆን ፐርጅ ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ የኤንቪዲያ ተከላ ኑቮ የተባለው ነጻ ድራይቨር እንዳይነሣ የሚያግድ ፋይል ያስቀምጣል፣ ያ ፋይል ከቀረ ደግሞ ሁለቱንም አጥተው ይቀመጣሉ። በኢቲሲ ማውጫ ሥር ኤክስ 11 በሚባለው ውስጥ ኤክስኦርግ ነጥብ ኮንፍ የሚል ፋይል ካገኙም ስሙን ይለውጡት። ከዚያ አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስን ከነ ዩ አማራጩ ያስኪዱ።

ወደ ግሩብ የሚሄዱት ከዚህ በኋላ ነው። በኢቲሲ ሥር ዲፎልት በሚባለው ማውጫ ውስጥ ግሩብ የሚለውን ፋይል ከፍተው ኳይት ስፕላሽ ከሚሉት ቃላት አጠገብ ያለውን ኖሞድሴት ብቻ ይሰርዙ፤ የቀረውን አይንኩ። አፕዴት ግሩብ ብለው ሪስታርት ያድርጉ። ስክሪኑ እንደገና ቢጠቁር አይደንግጡ፤ ሲነሣ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ በመጫን የግሩብን ዝርዝር አውጥተው፣ ኢ የሚለውን ፊደል ተጭነው፣ ሊኑክስ በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት ቢጨምሩ ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ በፋይሉ ውስጥ አይጻፍም።

ኑቮን ለማግኘት ከዳታዎ አንድ ሜጋ እንኳ አይወጣም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። አንድ ነገር ልጨምር፤ በቆዩ መመሪያዎች ላይ ዲፒኬጂ ሪኮንፊገር ኤክስሰርቨር ኤክስኦርግ የሚል ትእዛዝ ካጋጠመዎት ይለፉት። ድሮ የሞኒተሩንና የካርዱን ዓይነት አንድ በአንድ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ስለ ስክሪን የሚጠይቀው ነገር የለም።

ሌላው፣ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው ቪጂኤ በሚለው መስመር ላይ ጂኤፍ 108 ይል እንደሆነ ወይም ጂኬ 208 ይል እንደሆነ ይንገሩን። ጂቲ 730 በአንድ ስም የተሸጡ ሁለት የተለያዩ ቺፖች ስላሉት ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ጽሕፈት በቱሉ ዲምቱ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኖሞድሴት የሚለው ቃል እንዳሉት እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም በቅደም ተከተል አደረግሁ፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ማራገቢያውም ጸጥ አለ፣ ግራፊክስ በሚለው ቦታ አሁን ኤንቪ የሚል ስም አለ። ቺፑ ጂኤፍ 108 ነው። በመግቢያው ገጽ ላይ ባለችው ጥርስ ምልክት ኡቡንቱ በኤክስኦርግ የሚለውን መርጬ ኤክስራንድአር ስሰጥ መውጫው ቪጂኤ 1 ተብሎ ተገናኝቷል ይላል። ነገር ግን ትልቁ ምርጫ ዛሬም 1024 በ768 ነው! ማኅተሙም እንቁላል እንደሆነ ነው።

የገላን ጥገና፦

ይህ ከእንግዲህ የሶፍትዌር ጉዳይ አይመስለኝም። ሞኒተር ስለ ራሱ የሚናገርበት ኢዲአይዲ የሚባል ቢያንስ 128 ባይት የሆነ መረጃ አለው፤ ስሙን፣ የሚችላቸውን መጠኖች፣ የሚመርጠውን ሁሉ ይይዛል። ይህ መረጃ ካልደረሰው ከርነሉ በግምት አደጋ የለባቸውም የሚላቸውን መጠኖች ብቻ ያቀርባል፤ የመጨረሻውም 1024 በ768 ነው። በሲስ ማውጫ፣ ክላስ፣ ዲአርኤም ሥር ካርድ 0 ቪጂኤ 1 በሚለው ውስጥ ኢዲአይዲ የተባለውን ፋይል በካት አንብበው ወደ ደብልዩሲ ከነ ሲ አማራጩ ያስተላልፉት። ዜሮ ካለዎት መረጃው አልመጣም ማለት ነው።

ዜሮ ከሆነ ኬብሉን ነቅለው ጫፉን በብርሃን ይዩ። የቪጂኤ ኬብል በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ፒኖች አሉት። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም በ1፣ በ2 እና በ3 ያልፋል፤ ምስሉን ቀጥ አድርገው የሚይዙት 13 እና 14 ናቸው። ኢዲአይዲ የሚያልፈው ግን በ12 እና በ15 ነው፤ ሁለቱም በጠባቡ በኩል ባለው ረድፍ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ 12 ቢሰበር ወይም ቢተኛ ምስሉ ምንም ሳይጎድልበት ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ሰውም ኬብሉን ሳይጠረጥር ድራይቨር ሲቀያይር ይከርማል። ከመካከለኛው ረድፍ 9ኛው ፒን ባይኖር ግን አይጨነቁ፤ በብዙ ኬብሎች ላይ ከፋብሪካ ሲወጣም የለም።

ጽሕፈት በቱሉ ዲምቱ፦

ፋይሉ ዜሮ ነው። ኬብሉን ነቅዬ በስልኬ መብራት ሳየው ከጠባቡ ረድፍ አንዱ ፒን ከጎረቤቱ ላይ ጋደም ብሏል። ሰው በጉልበት የሰካው ይመስላል፤ ኮምፒውተሩን ስገዛ አብሮ የተሰጠኝ ኬብል ነው። በስቴፕለር ሽቦ ላቃናው ሞክሬ ፒኑ ከሥሩ ተቆርጦ ቀረ።

የገላን ጥገና፦

የተኛ ፒን አንዴ ሊቃና ይችላል፣ ሁለተኛ ግን አይታጠፍም። ከጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ለአምስት ደቂቃ ኬብል ተውሰው ይሞክሩት፤ ሳይሞክሩ አይግዙ። ካርዱና ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ካላቸው ደግሞ ለሚገዙት ኬብል እሱን ይምረጡ።

የሌሊት ተረኛ፦

እስከዚያ ድረስ የእኔ ምክር አሁን ጊዜው ደርሷል፤ መውጫው ቪጂኤ 1 ስለሆነ የሲቪቲውን መስመር ይቀበላል። ከሴሽኑ ሲወጡ ስለሚጠፋ ትእዛዞቹን በቤት ማውጫዎ ውስጥ ነጥብ ኤክስፕሮፋይል በሚል ፋይል ያስቀምጧቸው።

ጽሕፈት በቱሉ ዲምቱ፦

ኬብል ተውሼ ሰካሁ። ምንም ትእዛዝ ሳልሰጥ 1920 በ1080 በራሱ መጣ፤ የኢዲአይዲው ፋይልም 128 ሆነ። የትናንቱን ደብዳቤ ከፈትኩት፤ ማኅተሙ ክብ ነው። የሞኒተሬ መግቢያ ቪጂኤ ብቻ ስለሆነ ነገ ያንኑ ዓይነት ኬብል እገዛለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ የኤንቪዲያውን ድራይቨር እንደገና ልጫን ወይስ ይቅርብኝ?

ከርነል አንባቢ፦

ይቅርብዎት። ጂኤፍ 108 ፌርሚ ከሚባለው ትውልድ ነው፤ 470 የሚጀምረው ከእሱ በኋላ ከመጣው ኬፕለር ስለሆነ ያወረዱት ድራይቨር ተከላው ቢጠናቀቅ እንኳ ካርድዎን አያውቀውም ነበር። ለፌርሚ የመጨረሻው የ390 ተከታታይ ሲሆን የኤንቪዲያ ድጋፉ በ2022 መጨረሻ ተቋርጧል፤ ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር የሚበላሽ ነገር በሥራ ኮምፒውተር ላይ መትከል አይመከርም። ኑቮ ለጌም ደካማ ነው፤ ለጽሕፈት፣ ለስካንና ለኅትመት ግን ይበቃል። ጂኬ 208 ያላቸው አንባቢዎች 470ን መሞከር ይችላሉ፤ በቅድሚያ ግን ኡቡንቱ ድራይቨርስ ዲቫይስስ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው ለካርዳቸው የሚመከረውን ቁጥር ያረጋግጡ፣ የዩፒኤሳቸውንም ባትሪ።