የመድኃኒት ፓተንት፦ አሁን እንፈርም ወይስ እንቆይ?

አወያይ (አራት ኪሎ)፦ ሰላም ቤተሰብ። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እንቁጠር፣ እንዳንምታታ።) ስትገባ ትሪፕስ የሚባለውን የአእምሯዊ ንብረት ስምምነትም አብራ ትቀበላለች። የመድኃኒት ፓተንትን (ባለፈጠራው ሳይፈቅድ ሌላ ሰው ለተወሰነ ዓመት እንዳያመርት የሚከለክለውን መብት) ከገባንበት ቀን ጀምሮ እናክብር ወይስ የእፎይታ ጊዜ እንጠይቅ? ስድብ የለም። የድምፅ መልእክትም ይቅር፣ ሰው ሥራ ላይ ነው።

ቡና ላኪ (ሜክሲኮ)፦ እናክብር! በ2005 የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ስም አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ልናስመዘግብ ስንል ከስታርባክስ ጋር ስንት ንትርክ ነበር? ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። የራሳችን ስም ይከበር እያልን የሰውን ፈጠራ አናከብርም ስንል ማን ይሰማናል?

ፋርማሲስት (ቸርችል)፦ ወንድሜ፣ ቡና ቢወደድ ሻይ ይጠጣል። መድኃኒት ቢወደድስ? በ2000 አካባቢ የኤችአይቪ መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት 10,000 ዶላር ገደማ ነበር። በ2001 የሕንዱ መድኃኒት አምራች ሲፕላ በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። የቻለው ሕንድ ያኔ ለመድኃኒት ምርት ፓተንት ስለማትሰጥ ነው። ከ2005 ጀምሮ ግን በትሪፕስ ምክንያት እሷም መስጠት ግድ ሆነባት።

ተማሪ (ስድስት ኪሎ)፦ በኮፒ መጽሐፍ የተማርን ሰዎች ስለ ፓተንት ስንሟገት 😂

ቡና ላኪ፦ አንተ ደግሞ! ቂሊንጦ ላይ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርተናል። ጥበቃ ከሌለ የትኛው ባለሀብት ይመጣል?

ፋርማሲስት፦ ባንግላዴሽን እይ። በ2008 የመድኃኒት ፓተንት መስጠት አቆመች። ዛሬ የሚያስፈልጋትን መድኃኒት አብዛኛውን ራሷ ታመርታለች፣ ለውጭም ትሸጣለች።

ቡና ላኪ፦ ችግር ሲመጣ አስገዳጅ ፈቃድ አለ አይደል? መንግሥት ባለፓተንቱን ሳያስፈቅድ ሌላው እንዲያመርት ያዛል።

ፋርማሲስት፦ ፋብሪካ ላለው አገር ነዋ! ለሌለው የተበጀውን መንገድ፣ ሌላ አገር በአስገዳጅ ፈቃድ የተመረተውን ማስመጣት፣ ሩዋንዳ ሞክራዋለች። በ2007 አስመጣለሁ ብላ ለዓለም ንግድ ድርጅት አስታወቀች፣ መድኃኒቱ ከካናዳ የደረሳት በ2008 ነው። በሽተኛ እስከዚያ ይጠብቃል?

ጠበቃ (ልደታ)፦ ሁለታችሁም ሕጋችንን ረሳችሁት። ፓተንት እኮ አለን፣ በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 123። መጀመሪያ 15 ዓመት ይሰጣል። ተጨማሪ 5 ዓመት የሚገኘው ፈጠራው እዚሁ አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ነው። ትሪፕስ ግን ቢያንስ 20 ዓመት ይላል። እዚህ ተመረተ፣ ከውጭ ገባ፣ ልዩነት ማድረግ አይቻልም። ለእኔ ትልቁ ኪሳራ እሱ ነው። ባለፓተንቱ ቂሊንጦ መጥቶ የማምረት ግዴታ ሳይኖርበት 20 ዓመቱን ያገኛል።

አወያይ፦ እፎይታውስ ጋሼ?

ጠበቃ፦ በኢኮኖሚ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ላሉ አባል አገሮች የመድኃኒቱ እስከ 2033 መጀመሪያ፣ አጠቃላዩ እስከ 2034 አጋማሽ ነው። ግን አዲስ ገቢ በድርድር ነው የሚገባው። ካምቦዲያና ኔፓል በ2004 ሲገቡ ትሪፕስን ከ2007 ጀምረን እንፈጽማለን ብለው ቃል ገብተዋል። ነባሮቹ ጊዜው እየተራዘመላቸው እዚህ ደረሱ። በር ላይ የሚጠየቀውን መግቢያ ነው መፍራት።

ቡና ላኪ፦ ጤፍስ? ኔዘርላንድ ሄዶ ፓተንት ተያዘበት። ሕጉ ውስጥ ብንሆን ኖሮ...

ጠበቃ፦ ኔዘርላንድ ያኔም አባል ነበረች፣ ፓተንቱም በሕግ ነው የተሰጠው። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የሰረዘው ሌላ ኩባንያ ተከስሶ ስለተከራከረ እንጂ እኛ ስለከሰስን አይደለም። ለቡና ስምም ቢሆን አትጓጓ። በመልክዓ ምድራዊ ስም (ምርቱ በመጣበት ቦታ በሚጠራበት ስም) ረገድ ትሪፕስ የላቀውን ጥበቃ የሚሰጠው ለወይን ጠጅና ለአረቄ ነው። ቡና የሚያገኘው ተራውን ጥበቃ ነው።

ቡና ላኪ፦ አረቄ? ይሄን አላውቅም ነበር። ቢሆንም ያለ አባልነት ስንት ዓመት እንኑር? 2033 ይሻላል ካላችሁ እሺ፣ የመድኃኒቱ ይቆይ። ለዚያ ሲባል ድርድሩ አንድ ዓመት ከተጓተተ ግን እኔ አልስማማም።

ፋርማሲስት፦ እኔ ይጓተት ባይ ነኝ። በዚያ አንድ ዓመት ቡናህ መሸጡን አያቆምም።