የሙከራ ቁራጩ ከመመሪያው ጋር አልገጥም አለኝ፤ ሹራቡን ልጀምረው?

ብርድ አይችሌ፦
ወንድሜ ለሥራ ደብረ ብርሃን ተመድቧል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የዚያን አገር ብርድ በጃኬት ብቻ የሚችለው አይመስለኝም። ከመርካቶ ግማሽ ሱፍ ግማሽ አክሪሊክ ክር ገዝቼ ሹራብ ልሠራለት ነው። ከኢንተርኔት ያወረድሁት መመሪያ በቁጥር 4 መርፌ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ ጎን 22 ቀለበት፣ ወደ ላይ 28 ረድፍ ይውጣ ይላል። የእኔ ቁራጭ 24 ቀለበት ሆነ። የወንድሜ ደረት 96 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እንዲሰፋው የ104ን ልክ መርጫለሁ። ለሁለት ቀለበት ብዬ ሌላ መርፌ ልግዛ? እናቴ "ክሩን ላላ አድርገሽ ያዢው" ትለኛለች።

ፈጣን እጅ፦
ሁለት ቀለበት ምን አላት? ሹራብ ይሳባል። ናሙና መሥራት ክር ማባከን ነው።

እትዬ ጥቅል ክር፦
ልጄ፣ ለአንገት ልብስ ቢሆን ከላይ የተባለው ያስኬድ ነበር። ሒሳቡን እንሥራው፦ ለ104 ልክ መመሪያሽ 228 ቀለበት ያስጀምርሻል። አንቺ ዘንድ አንድ ሴንቲ ሜትር 2.4 ቀለበት ይበላል። 228 ለ2.4 ሲካፈል 95 ነው። የልጁ ደረት 96!

እናትሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እጅ በግድ ላልቶ የሚቆየው ቴሌቪዥን እስኪከፈት ድረስ ነው። የሚለወጠው መርፌው ነው፤ 4.5 ተውሰሽ ሞክሪ።

ቁራጩንስ እንዴት ለካሽው? ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ አላምነውም፤ ዳሩ ይጠቀለላል። ከ15 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ሥሪ። ሹራቡ በሚታጠብበት መንገድ እጠቢውና ሳትወጥሪ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። ካውያ እንዳታስጠጊው፤ አክሪሊክ ሙቀት ካገኘው ይልፈሰፈሳል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። ሲደርቅ ማስመሪያውን መሃሉ ላይ አስተኝተሽ ቁጠሪ። ግማሽ ቀለበት ብታገኚ ግማሿንም ጻፊ፤ በ228 ቀለበት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ታመጣለች።

ቆላ አልወርድም፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሹራቡ ፊትና ኋላው ሳይለያይ እንደ ቱቦ በክብ የሚሠራ ከሆነ ቁራጩም በክብ ይሠራ። ብዙዎቻችን የጀርባውን ረድፍ ስንመለስ እጃችን ይላላል፤ በክብ ሲሠራ ግን የጀርባ ረድፍ የለም። በምልልስ በተሠራ ቁራጭ የለካሽው በአካሉ ላይ ላይደገም ይችላል።

ብርድ አይችሌ፦
እትዬ፣ እንዳሉኝ አጠብሁት፤ በክብም ሠራሁት። በ4 ያው 24 ነው። በ4.5 ልክ 22 መጣ፤ ነገር ግን ጨርቁን ወደ መስኮት ሳነሣው ብርሃን ያሳልፋል። ለደብረ ብርሃን ንፋስ እንዲህ ያለ ወንፊት ልስጠው? የ4ቱ ጥብቅ ብሎ ያምራል።

እትዬ ጥቅል ክር፦
እንግዲያው በ4ቱ ሥሪ፤ ቁጥሩን ግን ከሚቀጥለው ልክ ውሰጂ። መመሪያሽ ላይ የ114 ልክ በ250 ቀለበት ይጀምር ይሆናል፤ 250 ለ2.4 ሲካፈል 104 ነው፣ የፈለግሽው። ርዝመቱን ከ104ቱ ልክ በሴንቲ ሜትር ተከተይ። ረድፍሽ ስንት ወጣ?

ብርድ አይችሌ፦
32።

እትዬ ጥቅል ክር፦
በይ ብብቱ ጋ ስትደርሺ ተጠንቀቂ። ከብብት እስከ ትከሻ 56 ረድፍ የሚል ከሆነ፣ እነርሱ የሚፈልጉት 20 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንቺ እጅ 56 ረድፍ 17.5 ብቻ ስለሚሆን ብብቱን ይይዘዋል። 64 አድርጊው። ክርም ጨምረሽ ግዢ፤ ጥብቅ ሥራ ክር ይበላል፣ ቀለሙም ከሌላ ጊዜ ጥቅል ጋር ላይመሳሰል ይችላል።